የወይራዋ መታጠፊያ

ገበያተኛው ጩኸቱን የሰማው ከወይራዋ መታጠፊያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቅዳሜ ጧት፣ የጥቅምት ጉም ገና ከጋፋት ሜዳ ሳይነሣ። አህያ የሚነዳውም ዶሮ የተሸከመውም ጭነቱን እየጣለ ሮጠ። ሲደርሱ እማማ በለጠች ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተንበርክከው፣ መሬቱን በጥፍራቸው እየቧጠጡ «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። ቁልቁል ሲያዩ ከገደሉ ሥር፣ ከቁጥቋጦው መሃል፣ ልጃቸው ተስፋነህ በጀርባው ተንጋሏል። ሰማያዊ ብስክሌቱ ከእሱ ፈንጠር ብሎ ወድቋል።

ተስፋነህን በዚያ አገር የማያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አገሩ ሰላም ነበረና ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች የደብረ ታቦርን ዙሪያ በብስክሌት ይጎበኙ ነበር። መንገዱን ያወጣላቸው እሱ ነው። ከከተማ ተነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባትን ጋፋትን ያያሉ፣ በጠጠር መንገዱ ቁልቁል ወርደው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ይታጠባሉ፣ በመጨረሻ ጣራ ገዳም ደርሰው ከደኑ ጥላ ያርፋሉ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ግን ተስፋነህ መንገዱን ብቻውን ይወርደዋል፤ ጎርፍ የበላው፣ ድንጋይ የተንከባለለበት እንዳለ ሊያይ። «እኔ ያላለፍኩበትን እንግዳ አላሳልፍበትም» ይል ነበር። ያን ቅዳሜም የወጣው ለዚሁ ነው። የተወለደበት ቤት ከመታጠፊያው ዝቅ ብሎ ከመንገዱ ዳር ነው። እናቱን ስሞ ሊያልፍ ነበር ሐሳቡ።

*

ከከተማ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ናት። የፋርጣ ገበሬ ልጅ ናት፤ ስትናገር ቀስ፣ ስታይ ደግሞ ከዚያ የባሰ ቀስ ትላለች። አብሯት ያለው ሳጅን በላይነህ ሆዱ ገፋ ያለ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ፍሬኑ ነው» አለ ሳጅን በላይነህ ገና ገደሉን ሳይወርድ። «እኔ ድሮም ብያለሁ። እግዜር ሁለት እግር ሰጥቶት፣ በሁለት ጎማ ምን አስኬደው?»

«ውረድና እየው እስኪ።»

እያለከለከ ወረደ። ብስክሌቱን አነሣ፣ ጎማውን አሽከረከረ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ። ጎማው ቀጥ አለ።

«ይይዛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥሩወርቅ ከላይ መንገዱን ታያለች። መንገዱ ቀይ ገረጋንቲ ነው። ፍሬን የያዘ ጎማ ገረጋንቲውን እያረሰ ነው የሚሄደው፤ እዚህ የታረሰ ነገር የለም። የጎማው መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ መታጠፊያውን እንዳለፈ ወደ ገደሉ ይዞራል።

«ሊያቆም አልሞከረም» አለች። «ያገኘውን ነገር ከመድረሱ በፊት አላየውም።»

እማማ በለጠች ከወይራዋ ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ጥሩወርቅ ዝቅ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ቀድመው የደረሱት አንቱ ነዎት?»

«እኔው ነኝ ልጄ።»

«ምን ሰምተው ወጡ?»

«ምንም አልሰማሁ። ጧት እንደሚያልፍ ልኮብኝ ነበር። ቆየብኝና ልጠብቀው ወጣሁ።»

ሌላ አልጠየቀቻቸውም። እጃቸውን ስትለቅ ግን ጥፍራቸው ውስጥ እርጥብ ጥቁር አፈር፣ ከሣር ሥር ጋር ተጠቅጥቆ አየች። ሐዘንተኛ መሬት ይቧጥጣል። ነገሩን አለፈችው።

ያን ጊዜ ነው ትልቁ ወንድም እሸቴ የደረሰ። ገደል ማዶ ደቦ ላይ ገብስ ሲያጭድ ነው የነገሩት፤ ማጭዱ ከእጁ አልወረደም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ተስፋነህን ያሳደገ እሱ ነው። ታናሹ ይማር ብሎ እሱ ከማረሻ ጋር ቀርቷል። አስከሬኑን አየ፤ አላለቀሰም።

«ገሰሰ የታለ?» አለ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ገሰሰ ጋፋት አጠገብ የሚያርስ ጎልማሳ ነው። በመስቀል ሰሞን በቀበሌው ስብሰባ ላይ የተናገረውን ሁሉም ሰምቶታል፤ «ያ ተስፋነህ ሌላ ጊዜ በማሳዬ ቢያልፍ ጎማውን ብቻ አይደለም የምሰብረው» ብሎ ነበር። ሚሊሻዎቹም ይኼኑ አስበው ኖሮ ገሰሰን ከሁለት በኩል ይዘው ሲያመጡት ታየ።

እሸቴ ተንደረደረ። ሽማግሌዎች ከመሃል ገቡ። ማጭዱን ተቀበሉት።

«ግዴለም ልቀቁኝ፣ ዛሬ አልነካውም» አለ። «የወንድሜ ሠልስት ይውጣ። ከዚያ ወዲያ ብትፈቱትም እኔ ከበሩ ነኝ። እሱን ብትደብቁት ደግሞ ልጁ አለ።»

ይኼን ሲል ቀስ ብሎ ነበር። ቢጮህ ኖሮ ጥሩወርቅ ያን ያህል ባልፈራች።

*

«አያ ገሰሰ፣ እሰብረዋለሁ ብለዋል አሉ» አለች ጥሩወርቅ። ጣቢያው ውስጥ ናቸው።

«ብያለሁ። ሁሉ እየሰማ። ሊገድል ያሰበ ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይናገራል እንዴ?»

«ተናዶ የሚገድልም አለ።»

«ተናድጄማ ነበር! አምና ፈረንጆቹን አሰልፎ በቡቃያዬ ላይ ሄደ። ኋላ መጥቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል እኔው አነሣሁት፤ ከቤት አስገብቼም አበላሁት። ዘንድሮ እንዳይደገም ብዬ ስብሰባ ላይ ዛትኩ፣ የእግር መንገዷንም በእሾህ አጠርኩ። እሱም በዚያ በጠጠሩ መንገድ ይወርድ ጀመር። ጠባችን ይኸው ነው።»

«ቅዳሜ ጧት የት ነበሩ?»

«ወይፈን እገራ ነበር። ብቻዬን።»

«ማን አየዎት?»

«ወይፈኑ።»

ሳጅን በላይነህ ሳቁ አመለጠው፤ በሳል ሸፈነው። ገሰሰ ግን እንዲያስቅ ብሎ አልነበረም። እጁን አንዴ በጉልበቱ ላይ፣ አንዴ በጠረጴዛው ላይ ያደርጋል።

«እሾህ ባላጥር ኖሮ» አለ፤ «በማሳዬ በኩል ያልፍ ነበር። ጤፌን ረግጦ፣ በሕይወቱ ያልፍ ነበር። እሷ ነገር ናት ከደረቴ አልወርድ ያለችኝ።»

«ልጅ አለዎት?»

«አንድ። ትእዛዝ ይባላል።» ቀና ብሎ አያት። «እሸቴ ያለውን ሰምቻለሁ እህቴ። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ። ልጁን ግን አደራ።»

*

ዶክተር ሕይወት ከሆስፒታል በር ላይ ጠበቀቻቸው። ወጣት ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች።

«የሞተው በወደቀበት አንገቱ ተሰብሮ ነው» አለች። «ግን ከመውደቁ በፊት አንድ ነገር አግኝቶታል። ሰንበሩ ከግራ ክንዱ ተነሥቶ፣ ደረቱን በሰያፍ አቋርጦ፣ እስከ ቀኝ ክንዱ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው።»

«ዱላ!» አለ ሳጅን በላይነህ። «የገሰሰ ዱላ ልክ ይኼን ታህላለች።»

«ዱላ ሊሆን ይችላል» አለች ዶክተሯ።

ጥሩወርቅ የራሷን ክንድ ከደረቷ ጋር አጋጠመች። መሪ እንደያዘ ሰው እጇን ዘረጋች። አንድ ዱላ በአንድ ምት ግራ ክንድን፣ ደረትን፣ ቀኝ ክንድን እኩል እንዴት ያገኛል? ነገሩን በልቧ ያዘችው።

«ለጊዜው ዱላ ነው አትበል» አለችው በላይነህን ሲወጡ።

«ለማንም አልናገርም።»

«ለሚስትህም ጭምር ነው የምልህ።»

«ኧረ ኢንስፔክተር!» አለ፤ ግን ፊቱ ቀላ።

*

ሀብታሙ የተስፋነህ የሥራ ጓደኛ ነው። ሁለቱ ናቸው እንግዶቹን የሚመሩት። ከተማ ነው ተወልዶ ያደገ። ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ስታገኘው ዓይኑ ቀልቷል። ከበሩ ጥግ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል።

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«ጓደኛሞች አይጣሉም?»

«በምን?»

«በሥራ ነው። ከእንግዶች ጋር አትወጣም አለኝ። ተቆጣሁ።»

«ለምን አትወጣም አለህ?»

ጀሪካኑን በእግሩ ወደ ጥጉ ገፋ።

«እሺ፣ ቅዳሜ ጧትስ የት ነበርክ?»

«ጋፋት። እንግዶቹ የሚጎበኙትን ቦታ ልመለከት ሄድኩ። ከዚያ ብስክሌቴን እየነዳሁ በእግር መንገዷ፣ በእነ ገሰሰ ማሳ በኩል፣ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ማንም አላገኘሁም።»

ጥሩወርቅ አመስግናው ወጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋ ተቀመጠች።

«ምነው?» አለ በላይነህ።

«ያች መንገድ የበጋ መንገድ ናት። ዝናብ ሲገባ ትታረሳለች፣ ጤፍ ይዘራባታል። እህል እስኪነሣ መንገድ የለም። ገሰሰም በእሾህ አጥረዋታል።»

«እሱ ግን አለፍኩ ይላል።»

«የብስክሌት ጉዞውን ካርታ እሱና ተስፋነህ ያወጡት በሚያዝያ ነው። በካርታው ላይ መንገድ አለ። ሀብታሙ የዚህን አገር መሬት በካርታ ነው የሚያውቀው።»

ሄደው አዩት። ከጋፋት ወዲህ ያለው ማሳ በሙሉ ጤፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነፋስ እያስተኛ ያነሣዋል። እሾሁ እንደታሰረ ነው። ብስክሌት ቀርቶ ዶሮ የሄደችበት ምልክት የለም።

«ዋሽቷል!» አለ በላይነህ እጁን እያፋተገ። «ተጣልተው ነበር፣ ዋሽቷል፣ ምስክር የለውም። ጨረስን እኮ። ገሰሰን እንፍታና እሱን እንሰር።»

«ሰው የሚዋሸው ስለገደለ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል ነበር። ያን ጀሪካን አይተኸዋል?»

«የውሃ ጀሪካን ነዋ። ሰው ውሃ አይጠጣም?»

«አፉ በነጠላ ጨርቅ ታስሯል። የቧንቧ ውሃ በጨርቅ የሚያስር ማን ነው? እንዲህ የሚታሰር ለሕመም የተቀዳ ፍል ውሃ ነው።»

*

ወንዛዬ ፍል ውሃው ዳር በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ዝም ብሎ ሊታጠብ የመጣው ተደባልቆ ተቀምጧል። ዘውዱ የሚባሉት አዛውንት ሰዉን በተራ የሚያስገቡ ናቸው። ጥሩወርቅ የሀብታሙን መልክ ነገረቻቸው። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ልጁ ምን አጠፋ?»

«ቅዳሜ ጧት የት እንደነበር ነው የማላውቀው።»

«እዚህ ነበራ! ዓርብ ገብቶ አደረ። ጧት ከውሃው እንደገባ ጣለው። አረፋ ደፈቀ። እኔና እነዚያ ልጆች አንገቱን ይዘን ባናወጣው ሰምጦልን ነበር። እስከ እኩለ ቀን ከዚህ ጥላ ሥር ተኝቷል።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ልጄ፣ የሚጥል በሽታ ነው። ሥራ እንዳያጣ ፈርቶ ደብቋል። አንቺም አታውሪበት።»

«አላወራም አባቴ።»

ሀብታሙን መልሳ ስታገኘው መሬት መሬት እያየ ሰማት።

«ተስፋነህ ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ። «'መንገድ ላይ ቢጥልህስ? ዳንና ትመራለህ፣ እስከዚያ የአንተንም ሥራ እኔ እሠራለሁ' አለኝ። ተቆጣሁት። ይቅርታ ሳልለው ሞተ።»

ጥሩወርቅ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ያን መታጠፊያ እንዴት ነበር የሚወርደው?»

«ዓይኑን ጨፍኖ ቢወርድ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ምንም አይፈራም። ከወይራዋ ዘንድ ሲደርስ ደወሉን ሳያቋርጥ ይደውላል። እናቱ ከቤት ሰምተው ይወጡለታል። ሁልጊዜ ነው። አንድ ቀን ሳይደውል አልፎ አያውቅም።»

ጥሩወርቅ የእናቱ መልስ ታወሳት። እማማ በለጠች ምንም አልሰማሁም ብለዋል።

*

እንደገና ከወይራዋ መታጠፊያ ሄዱ። በላይነህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ጥሩወርቅ ትዞራለች። የጥቅምት ሣር ለምልሟል፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጉልበት ይደርሳል። ከወይራዋ አጠገብ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ ግን ሣሩ ተላጭቷል። መንገዱን ተሻግራ አየች። በገደሉ ጠርዝ በኩልም እንዲሁ ተላጭቷል፤ እንደ ማጭድ ዞሮ።

ልጅ ሳለች የአባቷን ከብት ታስር ነበር። እህል ማሳ ላይ ሳለ ከብት አይለቀቅም፤ በገመድ ነው የሚታሰር። የታሰረ ከብት ደግሞ የሚበላው እንደ ገመዱ ልክ ነው፤ ክብ አድርጎ ይላጨዋል።

«በላይነህ፣ ና እስኪ።»

«ከብት ሣር በላ። ታዲያ?»

«ክቡን ተከተለው። ከጉብታው ጀምሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እስከ ገደሉ። መሃሉ የት ነው?»

በላይነህ በጣቱ አየር ላይ እያዞረ ቆየና ወደ ጉብታው ወጣ። ሣሩን በእግሩ ገለጠ። ጎንበስ አለ።

«እዚህ አፈሩ ለስላሳ ነው።»

በእጇ ጫረችው። የችካል ጉድጓድ ነው። ሰው ጥቁር አፈር ሞልቶ፣ ሣር ከነሥሩ ነቅሎ ከላይ ደፍኖበታል። ሣሩ ጠውልጓል።

ጥሩወርቅ እጇን አየች። ጥፍሯ ውስጥ ጥቁር አፈርና የሣር ሥር ገብቷል። ወደ መንገዱ ጠርዝ ዞረች። እማማ በለጠች ተንበርክከው ሲቧጥጡ የተገኙበት ቦታ ቀይ ገረጋንቲ ነው።

«አይ» አለች። ለማን እንደተናገረች በላይነህ አልገባውም።

*

ሐዘን ቤቱ ዳስ ተጥሎ ሰው ሞልቷል። እሸቴ ከበሩ ላይ ጠመንጃውን በጉልበቱ አጋድሞ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ሰላምታው መልካም ነበር።

«ነገ ሠልስቱ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ትፈቺዋለሽ አሉ።»

«ማስረጃ የለኝም እሸቴ። ያለ ማስረጃ ላቆየው አልችልም።»

«ፍቺው። እኔ አለሁ።»

ከቤቱ ጀርባ አንዲት ላም ትጮሃለች። ጥሩወርቅ ዞራ ሄደች። ጌጤ የምትባል ጎረቤት ድርቆሽ ተሸክማ ወደ ጋጣው ትገባለች።

«ምነው እንዲህ ትጮሃለች?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጭ አላየችማ። እማማ 'አትውጣ፣ ማንም እንዳይፈታብኝ' ብለዋል። ሐዘን ነው መቼም፤ ምን ትያቸዋለሽ?»

ጥሩወርቅ የላሚቱን ግንባር ዳሰሰች። የቀንዷ ሥር ተገሽልጦ ደም ደርቆበታል። የሆነ ነገር በብርቱ ስቧታል።

«ወትሮ ማን ነው የሚያስራት?»

«እሸቴ ነዋ! ከእሱና ከእማማ በቀር ማን ይደፍራታል፣ ተራጋጭ አይደለች?»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ያልፈለገውን ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጥሩወርቅ ከጋጣው ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። ጌጤ «አመመሽ እንዴ?» እስክትላት።

*

እማማ በለጠች ጓዳ ብቻቸውን ናቸው። ጥሩወርቅ ገብታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ ደወሉን ሰምተዋል አይደል?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከውጭ የአልቃሾች ድምፅ ይመጣል።

«ሰማሁ» አሉ። «እንደሁልጊዜው። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ጉም ነው፤ የላሚቱን ድምፅ ሰማሁ እንጂ ምንም አላየሁም። ስቀርብ ላሚቱ ከገደሉ ጠርዝ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ገመዱ ከጉብታው ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ተወጥሯል። ከዚያ ቁልቁል አየሁ።»

«ወረዱ?»

«ወርጄ ዳሰስኩት። ሄዷል።»

«ለምን አልጮሁም?»

«አፌን ከፍቼ ነበር ልጄ። ገመዱ ከላይ ታየኝ። ቋጠሮው ታየኝ። እሸቴ ደቦ ሊውል ስለሆነ፣ ግጦሽ እንዳያንሳት ብሎ፣ የቃጫውን ገመድ በጠፍር ቀጥሎ አስረዘመው። ከልጅነቱ እንዲያ ነው የሚቋጥር። ያችን ቋጠሮ በወንድሙ ደረት ላይ ቢያያት አንድ ቀን ያድራል ብለሽ ነው? እኔ ሁለት ነበሩኝ። አንዱ አለፈ። ገመዱን ፈትቼ፣ ችካሉን ነቅዬ፣ ጉድጓዱን ደፍኜ፣ ላሚቱን አስገብቼ፣ ተመልሼ ጮህኩ።» እጃቸውን አዩት። «በዚህ እጄ። ልጄ ከታች ተኝቶ እኔ አፈር ሞላሁ።»

ጥሩወርቅ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አያ ገሰሰስ እማማ?»

«ማስረጃ የለም ብለው ይለቁታል አልኩ።»

«እለቃቸዋለሁ። ነገ እለቃቸዋለሁ። እሸቴ ደግሞ ከበሩ ነው። እሳቸውን ቢያጣ ልጃቸውን ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውንም ያጡታል፣ የሰው ደም እጁ ላይ ሆኖ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺ ንገሪው እንግዲያው።»

«እኔ ብነግረው ከፖሊስ የሰማው ክስ ይሆንበታል። ከእናቱ መስማት አለበት።»

እማማ በለጠች ተነሥተው ከእህል ጎታው ጀርባ አንድ ነገር በጨርቅ የተጠቀለለ አወጡ፣ መልሰውም እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

«ገሰሰን ነገ አምጪልኝ» አሉ። «እጁን ሳታስሪ። ሰው እያየው ይግባ።»

*

በሠልስቱ ቀን ጸሎቱ አልቆ፣ ቀሳውስቱ ጸበል ረጭተው፣ ሰው ሁሉ ከዳሱ ተቀምጦ ሳለ ገሰሰ ገባ። እጁ አልታሰረም። ጥሩወርቅ ከጎኑ፣ በላይነህ ከኋላው። ጉርምርምታው ድንገት ተቋረጠ። እሸቴ ጠመንጃውን ይዞ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉ እማማ በለጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፃቸው እንዲህ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ተቀመጥ ልጄ። አንዴ ብቻ።»

ተቀመጠ። መጥተው ከፊቱ ተንበረከኩ። ሴቶቹ ሊያነሷቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ። ጨርቁን ፈትተው ገመዱን እሸቴ ጉልበት ላይ፣ ጠመንጃው ላይ አኖሩት።

«ይችን ማን ቋጠራት?»

«እኔ ነኛ። የላሚቱ ናት። የት አገኘሽው? ጠፍቶኝ...»

እጁ በገመዱ ላይ ይሄድ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቃጫው ላይ ሰማያዊ ቀለም ታሽቶበታል፤ የብስክሌቱ መሪ ቀለም። ጣቱን አንሥቶ አየው። መልሶ ገመዱን አየ። ወደ ማዶ፣ ወደ ወይራዋ አቅጣጫ ዞረ። ዳሱ ውስጥ ላለው ሰው ግን ምን እንደሆነ አልገባውም።

«እማዬ» አለ። «ረዝሞ ነው?»

«ጉም ነበር ልጄ። ጉም ነበር።»

«ረዝሞ ነው ወይ ነው የምልሽ!»

«አዎ።»

ጠመንጃውን ሲያነሣ ሁሉም ወደ ገሰሰ አየ። አፈሙዙ ግን ወደ ራሱ አገጭ ነው የዞረው። ይኼን ቀድሞ ያየው ገሰሰ ነው። በቅርብ የቆመ እሱ ነበራ። ዘሎ ከኋላው አቀፈው፣ ሁለቱም ከመሬት ወደቁ። ጥሩወርቅ ጠመንጃውን ነጥቃ ለበላይነህ ወረወረችለት።

«ልቀቀኝ ገሰሰ! ልቀቀኝ!»

«አልለቅህም!»

«ወንድሜን ገደልኩት እኮ!»

«እኔም እሾህ አጥሬ ነው በዚያ የሰደድኩት!» ገሰሰ ያለቅሳል። «አንተን ልልቀቅህና እኔን ማን ይይዘኛል? ማን ይይዘኛል እሸቴ?»

ሁለቱ ከመሬት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ የገሰሰ ልጅ ትእዛዝ ከውጭ ገብቶ አባቱ ጀርባ ላይ እጁን ጣለ። ሽማግሌዎቹ ቀና ያደረጓቸው ብዙ ቆይተው ነው። ያን ዕለት ማታ እሸቴን ብቻውን አልተዉትም። ገሰሰ ከአጠገቡ አደረ። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም።

*

መዝገቡ «አደጋ» ተብሎ ተዘጋ። እማማ በለጠች ለደፈኑት ጉድጓድ ጥሩወርቅ የምትለውን ለአለቆቿ ብላለች፤ ምን እንዳለች አልተናገረችም፣ ማንም አልጠየቃት።

የብስክሌቱ መንገድ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። ኋላ ሀብታሙ ጤናው ሲመለስ አንድ ጧት ጥቂት እንግዶች ይዞ ወረደ። ከወይራዋ መታጠፊያ ሲደርሱ ሁሉንም አስወረዳቸው፤ ብስክሌታቸውን እየገፉ አለፉ። እሸቴ ከመንገዱ ዳር ሣር ያጭዳል። ከዚያ ወዲህ ላሚቱን ውጭ አስሮ አያውቅም፤ ግራና ቀኙን እያጨደ ተሸክሞ ነው ከቤት የሚያበላት። እንግዶቹን አይቶ ቀና አለ።

ሀብታሙ ሰማያዊውን ብስክሌት ነበር የያዘው፤ አስጠግኖታል። ይደውል ወይስ ይተው አላወቀም፤ እጁ ደወሉ ላይ ቆየ። ወደ እሸቴ አየ።

«ደውል» አለው እሸቴ።

ደወለ። ከታች የቤቱ በር ተከፈተ። እማማ በለጠች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጥተው፣ ሽቅብ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።